በሁለት ለቀማ መካከል

ሚጢ ያገባችው፣ ሰው ሁሉ ስለ ጋብቻዋ መጠየቅ ከተወ በኋላ ነው። ዘመዱም ጎረቤቱም "አንቺስ መቼ ነው?" ማለት ሰልችቶት፣ እሷም መልስ ማሰናዳቱን ትታ፣ ከጆሮዋ በላይ ሽበት ብቅ ብቅ ማለት ሲጀምር፣ ወደ ሥራ የሚያመላልሳት የአውቶቡስ ሹፌር አንድ ቀን "ነገ ዕረፍት ነኝ፤ ሻይ ልጋብዝሽ?" አላት። ሚስቱ ሞታበት ብቻውን የሚኖር፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ዝምተኛ ሰው ነበር። ሻዩ ምሳ ወለደ፤ ምሳውም ቀለበት።

ነገሩን መጀመሪያ የሰማችው ታላቅ እህቷ ናት።

"አውቶቡሱ ላይ መቀመጫ አጥተሽ ነው ሹፌሩን የምታገቢው?" ብላ ቀለደች።

ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ ታላቂቱ ተነስታ የታጠበውን ሳህን እንደገና ማጠብ ጀመረች።

ታላቂቱን ሰው ሁሉ "እትዬ" ነው የሚላት። መጀመሪያ እንዲህ ያለቻት ሚጢ ነበረች፤ ከሚጢ ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደምትሠራበት ላውንደሪ ተዛምቶ፣ አሁን በዕድሜ የሚበልጧት ሳይቀሩ እትዬ ይሏታል። ሥራዋ ልብስ መተኮስ ነው። ጠዋት ገብታ ካውያው ፊት ትቆማለች፤ ሸሚዝ፣ ሱሪ፣ የሆቴል አንሶላ፣ እስኪመሽ ድረስ። እናታቸው ስትሞት ሚጢ ገና ተማሪ ነበረች፤ እትዬ ያሳደገቻትም ያስተማረቻትም በዚሁ ካውያ ነው። ለራሷ ጠያቂ አልመጣላትም ማለት አይደለም። መጥቶ ነበር። "ልጅቷን ትንሽ ላድርስ" ስትል ሰውየው ሌላ አገባ፤ እሷም ነገሩን እንደ ዋዛ አለፈችው።

የሚኖሩት አንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሁለት ክፍል፣ በመሀል ጠባብ ወጥ ቤት። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሁለት ሰው ለመተላለፍ አንዷ ጎኗን ማዞር አለባት። ያን ሁሉ ዘመን እንዲህ ሲዟዟሩ ኖረው፣ የትኛዋ መዞር እንዳለባት ሳይነጋገሩ ያውቁት ነበር።

እንጉዳዩን ያመጣችው ሚጢ ናት። በምትሠራበት ቤተ መጻሕፍት ለአካባቢው ነዋሪ ሥልጠና ሲሰጥ፣ ወንበር ልትደረድር ገብታ ተማሪ ሆና ወጣች። ጭድ በትልቅ ድስት ቀቅላ፣ አጠንፍፋ፣ ከእንጉዳይ ዘር ጋር እየደባለቀች በላስቲክ ከረጢት ጠቀጠቀችው። ከረጢቶቹን ቀዳድዳ ክፍሏ ውስጥ መደርደሪያ ላይ አስቀመጠቻቸው። ጭዱም ቀስ በቀስ ነጭ ድር ለበሰ።

"ምንድን ነው ይኼ? ሻገተ እኮ!" አለች እትዬ አፍንጫዋን ይዛ።

"ሻጋታ አይደለም፤ ሥሩ ነው። ጭዱን እየበላ ነው።"

"ቤቱ ለኛ ጠቦን ጭድ የሚበላ እንግዳ አመጣሽብኝ?"

ሚጢ ከቤት የወጣችው የመጀመሪያዎቹ እንጉዳዮች ከየቀዳዳው ወጥተው ሊለቀሙ ሲቃረቡ ነው። ሁለት ሻንጣ፣ አንድ ካርቶን መጽሐፍና ጃንጥላዋን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ሹፌሩ የተዋሰውን መኪና ታች አቁሞ ይጠብቃታል።

"እንጉዳዮቹን ላንቺ ትቻቸዋለሁ" አለች። "ቤቱ ጭር እንዳይልብሽ። ጠዋትና ማታ ውሃ እርጪላቸው፤ ሌላ ጣጣ የለባቸውም።"

"እኔ ነኝ ጭር የሚለኝ?" አለች እትዬ። "ሂጂ በይ፤ ሰውየውን አታስጠብቂው።"

ሚጢ ደረጃውን ስትወርድ እትዬ ኮቴዋን እስከ መጨረሻው ሰማችው። ከዚያ ወደ ሚጢ ክፍል ገብታ መስኮቱን ዘጋች፤ ወጥታም በሩን ዘጋች።

የመጀመሪያው ለቀማ እጅ ሙሉ ነበር። ሚጢ በስልክ "እንዳትቆርጪው! ከሥሩ ጠምዘዝ አድርገሽ ንቀይው" እያለቻት እትዬ ለቀመች። ሰፊ፣ ለስላሳ፣ ተደራርበው የበቀሉ ነበሩ። ግን ለአንድ አፍ ብሎ መጥበሻ ማቆሸሽ ትርጉም የለሽ ሆነባትና ሁሉንም በፌስታል አድርጋ ላውንደሪ ላለችው ልብስ ተቀባይ ሰጠቻት። ተቀባይዋ በማግስቱ "እትዬ፣ ልጆቹ ሥጋ ነው ብለው በሉልኝ!" ስትላት ደስ አላት። ማታ ያንን ለማን እንደምትነግር ግን ጠፋት። ሚጢ አዲስ ሙሽራ ናት፤ በየማታው አይደወልላትም።

ወጥ ቤት ስትገባ አሁንም ጎኗን ታዞራለች። ልብ ስትለው ቀጥ ብላ ትቆምና፣ ሰው እንዳየባት ሁሉ ታፍራለች። ከሥራ ስትመለስ የምታወራው ነገር ደረጃው ላይ እየመጣላት፣ በሩን ስትከፍት እዚያው ምላሷ ላይ ይቀራል። "ዛሬ አንዱ የሰርግ ሱሪ ይዞ መጥቶ፣ ኪሱ ውስጥ..." ብላ ጀምራ ታውቃለች፤ ለወጥ ቤቱ። ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዞረችው፤ ከዚያ ወደ ግድግዳው መለሰችው፤ የትም ብታደርገው ያው ሆነ።

ከረጢቶቹም ከዚያ በኋላ ምንም አላወጡም። እትዬ ጠዋትና ማታ ገብታ ትረጫለች፤ ውሃው ግን ላስቲኩ ላይ ተንከባልሎ መደርደሪያው ላይ ይንጠባጠባል። ጭዱ ከላስቲኩ ለቅቆ ወደ ውስጥ ተሰበሰበ፤ ከላይ ገረጣ፤ ባነሳችው ቁጥር እየቀለለ መጣ። የተተኮሰ ልብስ በእጅ መዝና ማወቅ የለመደች ሴት ናት፤ አንድ ጠዋት አንዱን ከረጢት ስታነሳው ባዶ የያዘች መሰላት። በቃ ሞተዋል አለች። አደራ ሰጥታኝ ገደልኳቸው።

እሑድ እሑድ ሚጢ ትደውላለች።

"ደህና ነሽ እትዬ?"

"ደህና ነኝ። አንቺስ?"

"ደህና ነኝ። እንጉዳዮቹስ?"

"አሉ። ደህና ናቸው።"

እውነቱን መናገር አቅቷት አልነበረም። ግን ሞቱ ካለች፣ በሚቀጥለው እሑድ ምን ይወራል?

ከሚጢ ሰርግ ወዲህ እትዬ ወደ ሥራም ከሥራም በእግሯ ነው። "መራመድ ለጉልበት ጥሩ ነው ብለውኛል" ትላለች፤ እንዲህ ያላት ሰው ግን የለም። የእህቷን ባል አውቶቡስ ላለመሳፈር ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ዝናቡ ዶፍ ሆኖ መንገዱን ሞላው፤ ፌርማታ ሥር ተጠልላ ሳለ መጀመሪያ የመጣው አውቶቡስ ላይ ዘላ ገባች። ዓይኗን ስታነሳ የሹፌሩ መስታወት ውስጥ ያ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ሸሚዝ ይታያል።

"እትዬ! እንዴት ነዎት? ጠፉ እኮ።"

"ሥራ ነው" አለች።

ከኋላው ካለው ወንበር አስቀመጣት። ሰው እየወረደ አውቶቡሱ ሲሳሳ፣ እንደማፈር ብሎ ወሬ ጀመረ። "ባለቤቴ ማታ ማታ ስለ እርስዎ ነው የምታወራው። ስለ እርስዎና ስለ እንጉዳዮቹ። አንዳንዴ 'ውሃ ጠጥተው ይሆን?' ስትል ማንን እንደሆነ ግራ ይገባኛል።"

እትዬ ሳቀች።

"ሞተዋል" አለች ቀስ ብላ። "እንዳትነግራት። ደርቀው ቀሩ።"

"ደረቁ እንጂ መች ሞቱ!" አለ ሹፌሩ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል። "እኛም ቤት እንደዚሁ ናቸው። አንዴ ካፈሩ በኋላ ውስጣቸው ያለው ውሃ ያልቃል፤ ከላይ ቢረጩት አይገባም። ያኔ እንዳሉ ውሃ ውስጥ ትነክራቸዋለች። እንዳይንሳፈፉ ከላይ ድንጋይ ጭና ታሳድራቸዋለች። እኔማ ሰሞኑን ቆሜ በጆግ ነው የምታጠበው፤ ባኞው በእንጉዳይ ተይዟል።"

ቀልዱን ራሱ ወዶት ሳቀ። እትዬ አልሳቀችም።

"እናንተም ቤት?"

"አዎ። በመጣች በሳምንቱ ነው የጀመረችው። አሁንማ ብዙ ናቸው።"

እትዬ ከመውረጃዋ ቀድማ ወረደች። "ገና ነው እኮ! ዝናብ ነው!" እያላት በሩን ከፈተላት። ዝናቡ ራሷ ላይ እየወረደ፣ ሳትቸኩል፣ በመንገዱ ጠርዝ ሄደች። እስከዚያች ቀን ድረስ ከረጢቶቹ የሚጢ ቅሪት ይመስሏት ነበር፤ ሚጢ አንድ ቀን ተመልሳ የምትጠይቃቸው፣ እሷም "ይኸውልሽ" ብላ የምታስረክባቸው። ለካ ሚጢ ሌሎች ይዛለች። ለካ እነዚህ ስትወጣ ሻንጣ ያልበቃቸው ዕቃ ናቸው።

ቤት ስትገባ እርጥብ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ወደ ክፍሉ ገባች። ከረጢቶቹን በሁለት ትልልቅ ፌስታል አጭቃ፣ ደረጃውን ወርዳ፣ ግቢ ውስጥ ያለው የቆሻሻ ገንዳ ጋ ደረሰች። የመጀመሪያውን ከረጢት ስትወረውረው የገንዳው ብረት ያዘውና ላስቲኩ ከላይ እስከ ታች ተቀደደ። ልትገፋው እጇን ስትሰድ፣ ውስጡ ነጭ ነው። ከላይ የገረጣው ጭድ ሥር ጥጥ የመሰለ ነጭ፣ እያንዳንዱን ሰበዝ ከጎረቤቱ ጋር ሰፍቶ ይዞታል። በጣቷ ቆንጥራ ልትፈረካክሰው ሞከረች፤ አልፈረሰም። አፍንጫዋ ድረስ አምጥታ አሸተተችው። ዝናብ የመታው ጫካ ይሸታል።

"አንተ ልጅ፣ አለህ እንዴ?" አለችው።

ዝናቡ በተቀደደው ላስቲክ እየገባ ሲመጠጥ ቆማ አየችው። ከዚያ ከገንዳው ነቅላ አወጣችው፤ ሌሎቹንም አንስታ፣ ወደ ላይ ቆሻሻ ይዛ የምትወጣ ብቸኛዋ የሕንፃው ነዋሪ መሆኗን እያሰበች፣ ጎረቤት እንዳያያት በፍጥነት ወጣች።

ትልቁን የልብስ ሳፋ ወጥ ቤቱ መሀል አስቀምጣ ቀዝቃዛ ውሃ ሞላችበት። ከረጢቱን አስገባችው፤ ተንሳፈፈ። በእጇ ደፈቀችው፤ ስትለቀው ብቅ አለ። ሰሃን ጫነችበት፤ ጎኑን ሰጥቶ ሰሃኑን ጣለው። በመጨረሻ የድስት ክዳን ደፍታበት፣ ከክዳኑ ላይ ውሃ የሞላ ድስት አስቀምጣ፣ በአንድ ጎን ሲያጋድል ደግሞ የእናቷን የከሰል ካውያ ደገፈችበት። ያኔ ተረጋጋ። ጭዱ ውሃውን ሲስብ አየሩ በትንንሽ አረፋ እየወጣ ሲስ ይላል። ዝቅ ያለች በርጩማዋን ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ለብዙ ጊዜ የዚያ ቤት ድምፅ የቧንቧና የወለል ብቻ ነበር፤ አሁን የሚተነፍስ ነገር ያለ ይመስላል።

"ጠጡ" አለቻቸው። "ሌላ ብትይዝም ጠጡ።"

ጠዋት ካውያውንና ድስቱን አንስታ ከረጢቱን ስታወጣው ሁለት እጅ የሚፈልግ ሆነ። የተረፈው ውሃ እንዲወርድለት ሳፋው ጠርዝ ላይ አጋድማ አቆመችው። ውሃ ውስጥ ከዚያ በላይ ከቆየ እንደሚበሰብስ ማንም ባይነግራትም፣ ረጥቦ የተረሳ ልብስ ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ሌሎቹንም ሳፋው እንደሚችለው በየተራ ነከረች፣ አጠነፈፈች፣ ወደ መደርደሪያቸው መለሰች፣ በሩን ዘጋች።

ብዙም ሳይቆይ በየቀዳዳው የመርፌ ራስ የሚያህሉ ነጠብጣቦች ታዩ። እትዬ ሥራ ላይ ሆና እንኳ እነሱን ታስባለች፤ አንድ ኮሌታ ልታቃጥል ምንም አልቀራት። ግን ሲያድጉ እንደ መጀመሪያዎቹ አልሆኑም። አንገታቸው ቀጥኖ ረዘመ፤ ራሳቸው ቁልፍ አክሎ ቀረ።

እንዲህ እያሉ ነው ሚጢ አንድ ቅዳሜ ሳትናገር የመጣችው። በሩን ስትከፍትላት፣ ሚጢ ቁልፍ እያላት እንደ እንግዳ ማንኳኳቷ እትዬን ከነከናት።

"ነክረሻቸዋል አይደል?" አለች ሚጢ ስማት ሳትጨርስ።

"እንዳትነግራት ብዬው ነበር እኮ!"

"ዝምተኛ ነው እንጂ ምሥጢር አይችልም።"

አብረው ወደ ክፍሉ ገቡ። ሚጢ ከረጢቶቹ ፊት ቁጢጥ ብላ አንዱን ቀጭን አንገት በጣቷ ነካ ነካ አደረገችው።

"አየር አጥተው ነው" አለች። "አየር ሲያጡ አንገታቸውን ያስረዝማሉ፤ ፍለጋ ነው።" መስኮቱን ቀና ብላ አየች። "መቼ ነው የዘጋሽው?"

"የሄድሽ ዕለት።"

ሚጢ ተነስታ መስኮቱን ከፈተች። ሳይከፈት ስለቆየ ጠብቆ አስቸገራት፤ በመዳፏ መትታ ነው ያስለቀቀችው። የመንገዱ ጩኸት ገባ። ጀርባዋን እንደሰጠች ቆየች።

"ሌሎች ይዘሻል አሉ" አለች እትዬ።

"ይዣለሁ።"

"ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?"

ሚጢ ዞራ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። አንሶላው እትዬ እንደተኮሰችው ነበር፤ አንድ እጥፋት የለበትም።

"እሱ ጎህ ሲቀድ ይወጣል፤ ሲመሽ ደክሞት ይገባል። ደግ ሰው ነው እትዬ፤ እሱን እያማሁ አይደለም። ግን ቤቱ የሟች ሚስቱ ቤት ነው። መጋረጃው እሷ የመረጠችው ነው፤ ድስቶቹም የሷ ናቸው። ጭልፋ የት እንዳለ እንኳ እሱን ነው የምጠይቀው። አንድ የኔ የሆነ ነገር ፈለግኩ፤ እኔ ደግሞ ከዚህ ሌላ የማውቀው ነገር የለም።" እጇን ወደ መደርደሪያው ዘረጋች። "እሱ እስኪገባ አወራቸዋለሁ፤ አትሳቂብኝ።"

እትዬ አልሳቀችም። "በስልክ 'ደህና ነኝ' አልሽኝ እኮ።"

"አንቺ 'ደህና ናቸው' ስትይኝ እኔም 'ደህና ነኝ' አልኩሻ።"

እትዬ አጠገቧ ተቀመጠች። አልጋው በሁለት ሰው ክብደት ሲጥጥ አለ። የሚጢን ፀጉር ከጆሮዋ ጀርባ ሰበሰበችላት፤ ልጅ ሆና ትምህርት ቤት ስትሸኛት እንደምታደርገው። ሚጢ አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች፤ እትዬ "መሐረብ ካገባሽ በኋላ ተከለከለ እንዴ?" አለቻት፤ ሚጢ እያለቀሰች ሳቀች።

ባለ ረጅም አንገቶቹን ለቅመው በሽንኩርት ጠበሷቸው። ጠንከር ብለው ነበር፤ ሚጢ "እያኘክን እናውራ" አለች፤ እውነትም ብዙ አወሩ። ያንን የሰርግ ሱሪ ወሬም እትዬ እስከ መጨረሻው ነገረቻት። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ሚጢ ጫማዋን ፈለገች።

"እሱ ሲገባ ልገኝ ብዬ ነው።"

"አልጋሽ ተነጥፏል" አለች እትዬ።

"አየሁት።" ሚጢ ጃንጥላዋን አነሳች፤ እንደገና አስቀመጠችው፤ አነሳችው። "ሌላ ቀን አድራለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ እመጣለሁ።"

ጥቂት ቅዳሜ መጣች። ከዚያ የባሏ ዕረፍት ወደ ቅዳሜ ተዛወረና መምጣቷ አልፎ አልፎ ሆነ፤ ስልኩ ግን ረዘም አለ። ሁለቱም "ደህና ነኝ" ማለትን ቀነሱ። አንዱ እሑድ ሚጢ ጭልፋዎቹን ሁሉ ቦታ እንደቀየረቻቸው፣ ባሏም ማንኪያ ሲፈልግ ሳጥኑን ሁሉ እንደከፈተ ነገረቻት፤ እትዬ ስልኩን ዘግታም ትንሽ ሳቀች። ከዚያ ቤቱ ዝም አለ። ዝምታው እንደ ድሮው ነው፤ አልቀነሰም። እሷ ግን መምጫውን ለመደችው፤ ማታ ከሥራ ስትገባ ቀድማ ሬዲዮ ትከፍታለች፣ ከዚያ መስኮት።

ከረጢቶቹን እንደገና ነከረቻቸው። በሩም መስኮቱም ክፍት ስለነበር ያወጡት አንገተ አጭር፣ ሰፊ ሆነ፤ ብዛታቸው ግን አነሰ። ከዚያም ቀጥሎ ስትነክራቸው ውሃውን ጠጡና ምንም ሳያወጡ ቀሩ። ጭዱ ቡናማ ሆነ፣ ለሰለሰ፣ ስትጫነው የጣቷ ምልክት ይቀርበታል።

"ጨርሰዋል" አለች ሚጢ በስልክ። "ጭዱን በልተው ጨረሱት፤ ከእንግዲህ ቢነከርም የለም። እንዳትጥይው፣ ለአፈር ጥሩ ነው። አዲስ ላዘጋጅልሽ?"

"ቆይ እስቲ" አለች እትዬ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሥራ በማትገባበት ቀን፣ ሁለት ከረጢት ይዛ ወደ ግቢ ወረደች። ምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት ጡረታ የወጡ አስተማሪ በቆርቆሮ ጣሳ የተከሏቸውን አበቦች እየኮተኮቱ ነበር። ለዓመታት ደረጃ ላይ "እንደምን አደሩ" ከመባባል አልፈው አያውቁም።

"ምንድን ነው የያዝሽው ልጄ?"

"ጭድ ነው። እንጉዳይ የበቀለበት። አሁን አልቆለታል።"

"ወዲህ በይው" አሉ፤ ከረጢቱን ከእጇ ተቀብለው ቀደዱ፤ ጭዱን በመዳፋቸው ፈርክሰው አሸተቱት። "ኧረ ይኼ ወርቅ ነው! ልትጥይው ነበር?"

"ለአፈር ጥሩ ነው ብላኛለች እህቴ።"

"ሦስተኛ ፎቅ ነሽ አይደል?" ጭዱን በየጣሳው እየበተኑ ጠየቋት። "ሁለት ነበራችሁ። ስትወጡ ስትወርዱ እሰማችሁ ነበር፤ አንዷ ስታወራ አንዷ ስትስቅ።"

"ታናሼ ናት። አገባች።"

"እሰይ" አሉ። ሌላ አልጠየቁም። ትንሽ ቆይተው ቀና ብለው አዩዋት። "ሌላም አለሽ?"

"አለ። ላምጣው?"

"አምጪው እንጂ።"

እትዬ የቀሩትን ልታመጣ ወጣች። ከረጢቶቹን ታቅፋ ስትመለስ አስተማሪዋ ሁለት ባዶ ባልዲ ደፍተው አስቀምጠው፣ በአንዱ ላይ ተቀምጠው ነበር። በሌላው ላይ አቧራውን በቀሚሳቸው ጫፍ ጠረጉላት። እትዬ ተቀመጠችና የመጀመሪያውን ላስቲክ መቅደድ ጀመረች።